ደረሰኝ የሚሰጥ ኬላ

ሀገራችን የፍጥነት መንገድ ባለቤት ከሆነች እነሆ ከአሥር ዓመት በላይ ሆናት። ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ ዳር እያለፈ አዳማ የሚገባው 80 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግንባታው በ2002 ዓ.ም. ተጀምሮ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ተመረቀ። ወጪው ከ11 ቢሊዮን ብር በላይ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር፣ ቀሪው ከመንግሥት ካዝና ተሸፈነ። በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት መስመር ያለው፣ ግራ ቀኙ የታጠረ፣ ከብት የማያቋርጠው፣ ጋሪና ባጃጅ የማይገባበት ጎዳና ለእኛ ፍጹም አዲስ ነገር ነበር።

ያን ጊዜ የተባለውን ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ደጋፊው የሥልጣኔ በር ተከፈተ አለ፤ ተቃዋሚው የተራበ ሕዝብ አስፋልት አይበላም አለ። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተቋጨም። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ አስፋልቱ ውፍረት ወይም ስለ ብድሩ መጠን ለመሟገት አይደለም። ውድ አንባብያንን ለጥቂት ደቂቃ ላቆይበት የፈለግሁት ጉዳይ በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ካለው ነገር ሁሉ ትንሹና ርካሹ ነው፤ ደረሰኙ።

የፍጥነት መንገዱ ሥርዓት የታወቀ ነው። መግቢያው ላይ መኪናው ይመዘገባል። መውጫው ላይ እንደ ተሽከርካሪው ዓይነትና እንደ ተጓዘው ርቀት ሒሳቡ ይሰላል፤ ይከፈላል፤ ደረሰኝ ይሰጣል፤ መከልከያው ከፍ ይላል፤ ይታለፋል። ገንዘብ ተቀባይዋ የአሽከርካሪውን ብሔር አትጠይቅም። የአባቱን ስም ሰምታ ፊቷን አታጠቁርም። ከወዴት መጣህ፣ ለምን መጣህ፣ ማን ዘንድ ታድራለህ አትለውም። ያቺ ብጣሽ ወረቀት በሕግ ዓይን ስትታይ ውል ናት። «ይህን ያህል ተቀብያለሁ፤ ስለዚህ ታልፋለህ» የምትል፣ ቀንና መጠን ያላት የመንግሥት ቃል ናት።

እንዲህ ያለው ውል በምድራችን ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለመረዳት ኬላ የሚለውን ቃል ማስታወስ ይበቃል። ኬላ ከአስፋልት የቆየ ቃል ነው። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ጨውና ቡናውን፣ ዝባዱንና ማሩን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ወራት ሲጓዝ፣ በየወንዙ መሻገሪያና በየገደሉ አፍ የሚጠብቀው ኬላ ነበር። በአንዱ ከፍሎ ሲያልፍ ሌላው ይቀበለዋል። ለመጀመሪያው ኬላ ጠባቂ የከፈለው ለሁለተኛው ምንም አይደለም፤ እያንዳንዱ ባላባት የራሱን በር የሚጠብቅ የራሱ ሀገር ነበርና። ነጋዴው ስንቅ የሚቋጥረው ለሆዱ ብቻ ሳይሆን ለየኬላውም ጭምር ነበር። እንግዲህ የቱሉ ዲምቱው ኬላ የዚያ ሁሉ ተቃራኒ ነው። አንድ ጊዜ ተከፍሎ እስከ መጨረሻው ይታለፋል። ለእኔ የፍጥነት መንገዱ ትልቁ አዲስ ነገር ፍጥነቱ አልነበረም፤ ይህ ነበር።

የሀገራችንን የመንገድ ታሪክ መለስ ብሎ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። እያንዳንዱ ዘመን መንገድ የሠራው ሊያሳልፈው የሚፈልገው ሸክም ስለነበረው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ገደል እየናዱ፣ ቋጥኝ እየፈነቀሉ፣ ከሠራዊታቸው ጋር በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ያስጠረጉት ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ለማሳለፍ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወራት የፈጀባቸው ያ መንገድ መድፉን መቅደላ አደረሰው፤ መድፉ ግን ንጉሠ ነገሥቱን አላዳናቸውም። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ያሠሩት መንገድ፣ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ ባቡር፣ ኋላም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ምድር ባቡር፣ ሁሉም አዲስ የተቆረቆረች መናገሻን ለመመገብና ከባሕር ጋር ለማገናኘት የታሰቡ ነበሩ።

ፋሺስት ኢጣሊያ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ወደ አሥመራ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ለቀምት የዘረጋቸው ጎዳናዎች ዛሬም የካርታችን አጥንት ናቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኘውን የጣርማ በር ዋሻ ያቋረጠ ሁሉ የሥራውን ክብደት ያውቀዋል። ነገር ግን ያ ሁሉ ድንጋይ የተነጠፈው ለገበሬው ታስቦ አልነበረም። ጦር ፈጥኖ እንዲደርስና አርበኛው በተነሣበት ቦታ እንዲከበብ ነበር። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ተበደረች፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። የወደሙት ጎዳናዎች ተጠገኑ፤ ቡናው ወደ ወደብ ወረደ። በደርግ ዘመን ደግሞ መንገዱ ኖሮ መንገደኛው የታሰረበት ጊዜ መጣ፤ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ ክፍለ ሀገር መውጣት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር የዚያን ዘመን ሰዎች ዛሬም ይነግሩናል።

ከዚያም በ1989 ዓ.ም. ገደማ የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ያኔ ከ26 ሺሕ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጥ የነበረው የሀገሪቱ የመንገድ መረብ፣ የወረዳና የቀበሌ መንገዶች ተጨምረውበት፣ በ2007 ዓ.ም. ከ110 ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። ማንም ምን ይበል፣ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ተሸክሞ ቀን ሙሉ ይጓዝ የነበረ ሰው የዚህን ቁጥር ትርጉም ከእኔና ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

የፍጥነት መንገዶቹ የዚህ ሥራ ጉልላት ሆነው ነው የመጡት። ከአዲስ አበባ አዳማው ቀጥሎ ከሞጆ ሐዋሳ 202 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ሌላ የፍጥነት መንገድ ታቀደ። በአራት ክፍል ተከፍሎም የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ የኮሪያ መንግሥት፣ የዓለም ባንክና የቻይና ኤግዚም ባንክ በየፊናቸው ገንዘብ አቀረቡለት። ከሞጆ በመቂ በኩል እስከ ባቱ ያለው ክፍል በ2014 ዓ.ም. ተመረቀ። በምሥራቅም ከድሬዳዋ ደወሌ የሚደርሰው 220 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት የክፍያ መንገድ ሆነ። ካርታ ዘርግቶ ለተመለከተ የነዚህ መንገዶች ሐሳብ ግልጽ ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዙረዋል፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪና ገቢ ንግዳችን የሚያልፈው በዚያ ነውና። የመካከለኛው ፊቱን ወደ ሞያሌ፣ ከዚያም ወደ ናይሮቢና ሞምባሳ አዙሯል። የዚህ ዘመን ሸክም ኮንቴይነር ነው። ቴዎድሮስ ለመድፍ፣ ኢጣሊያ ለጦር፣ ንጉሡ ለቡና፣ እኛ ለኮንቴይነር።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ለመሆኑ ለለቅሶ ደራሽ መንገድ የሠራው ማነው?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የአባቴ ታላቅ እኅት፣ ልጅ ሳለሁ ክረምቱን እሳቸው ዘንድ የማሳልፍ አክስቴ፣ በቅርቡ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ዐረፉ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰላሙ ዘመን ሰው ሌሊት ተነሥቶ፣ ፍቼ ላይ ቁርሱን ቀማምሶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀን ላይ አረፍ ብሎ ለቀብር ይደርስ ነበር። እኛም መርዶውን ሰምተን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለመነሣት ስንሰናዳ አጎቴ ስልክ ደወሉ። «ልጄ፣ እንዳትነሣ» አሉኝ። «እንዴት ጋሼ? እንዴት ሳልቀብራቸው እቀራለሁ? ሰውስ ምን ይለኛል?» ብላቸው፣ «አንድ ቀብረን ሁለተኛ ልንቀብር ነው? እሷስ ዐርፋለች። የሰው ወሬ አይገድልም፤ መንገዱ ግን ይገድላል» አሉኝና ዝም አሉ። ለቅሶውን አዲስ አበባ፣ በወንድሜ ቤት ድንኳን ጥለን ተቀመጥን። የመጣው ሁሉ የጠየቀን አንድ ጥያቄ ነበር፤ «መንገዱ እንዴት ነው?» ስለ ሟቿ የሚጠይቀን ሰው ያነሰን ይመስለኛል።

የአጎቴ ፍርሃት ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አሳፍረው ወደ አዲስ አበባ ይመጡ የነበሩ አውቶቡሶች በዚሁ ጎዳና፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ በታጣቂዎች ተይዘው ከመቶ በላይ መንገደኞች ተወስደዋል። ከዚያም በፊት፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በምዕራቡ መንገድ ላይ ታግተዋል። ወላጅ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲልክ የሚጨነቀው ስለ ፈተናው መሆኑ ቀርቶ ስለ መንገዱ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህማ ስንት ጊዜ መንገድ እንደተዘጋና እንደተከፈተ የሚቆጥረው የመናኸሪያ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ካርታውን እንደገና እንዘርጋው። አፍሪካን ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ያገናኛል ተብሎ የታቀደው ታላቁ ጎዳና ሀገራችንን የሚያቋርጠው ከመተማ ገብቶ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ አልፎ፣ በሞያሌ በመውጣት ነው። ልብ በሉ፤ ሞጆ ላይ ያለው የፍጥነት መንገድና አክስቴን እንዳልቀብር ያገደኝ ጎዳና በዚያ ዕቅድ ላይ አንድ መስመር ናቸው! በአንዱ ጫፍ ደረሰኝ ይሰጣል። በሌላው ጫፍ የሚጠየቀው ገንዘብ መጠኑ አይታወቅም፤ የሚቀበለው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከፍለውም ማለፍዎ አይታወቅም። የሲራራው ዘመን ኬላ ሞቶ አልተቀበረም ማለት ነው። እንዲያውም የጥንቱ ይሻል ነበር፤ የጥንቱ ኬላ ጠባቂ ቀረጥ ይወስድ ነበር እንጂ ነጋዴውን ራሱን ይዞ ከዘመዶቹ ዋጋ አይደራደርበትም ነበር ያሰኛል።

ይህ የአንድ ጎዳና ወይም የአንድ ክልል ሕዝብ ዕጣ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ መቐለ የሚወስደው መንገድ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ የጦር ግንባር ሆኖ ከርሟል። አባት ከልጁ፣ ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ ተቆራርጠዋል። ከመቐለም አልፎ ዛላምበሳ ላይ ያለው አስፋልት ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ሃያ ዓመት ሰው አላለፈበትም ነበር። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲከፈት በዚያ የተላቀሱትን ቤተሰቦች ምስል ያላየ የለም። ዓመቱ ሳያልቅ በሮቹ ተመልሰው ተዘጉ። አስፋልቱ አልፈረሰም፤ ድልድዩ አልተናደም። የጠፋው ሰው እንዲያልፍ የሚፈቅደው ቃል ብቻ ነው። መንገድ ማለት ድንጋይና ሬንጅ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምን አለ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል ያገራችን ሰው። እኛም ከመቶ ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለን።

የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ በነጻ የመዘዋወርንና የመኖሪያ ቦታን የመምረጥን መብት ደንግጓል። አንቀጹ አጭር ነው፤ ማብራሪያ አያሻውም። ይሁን እንጂ ይህ መብት ዛሬ እንደ ኪስ ውፍረት የሚለካ ሆኗል። የአውሮፕላን ቲኬት መግዛት የቻለ በሰማይ ይሻገራል። ያልቻለው ወይ ይቀራል፣ ወይ ጸሎቱን አድርሶ ይሳፈራል። ሹፌሩና ረዳቱ ደግሞ የመቅረት ምርጫ እንኳ የላቸውም፤ እንጀራቸው በዚያው ጎዳና ላይ ነውና።

መንግሥት ወዳድ ወገኖች የሚሉኝን አውቃለሁ። «መንገዱን የሚዘጋው ታጣቂ ነው፤ የሠራውን ትተህ የሠሪውን ስም ለምን ታነሣለህ?» ይሉኛል። ታጣቂውን የሚደግፉ ደግሞ «ጦር የሚያጓጉዝበትን መንገድ ካልዘጋን በምን እንታገል?» ይላሉ። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው። መንግሥት መንግሥት የሚባለው ግብር ስለሚሰበስብ አይደለም፤ ግብር የከፈለው ሰው በሰላም ወጥቶ እንዲገባ ስለሚያደርግ ነው። ይህን ማድረግ ሲያቅተው ደግሞ ቢያንስ እውነቱን ለመንገደኛው ሊነግረው ይገባል። ለሕዝብ እታገላለሁ የሚልም ቢሆን፣ የዚያን ሕዝብ ልጅ ከአውቶቡስ አውርዶ ዋጋ ከተደራደረበት የታገለለትን ነገር በገዛ እጁ ሸጦታል።

ይህ ሕዝብ አስፋልት ከማወቁ በፊት የራሱ የመንገድ ሕግ ነበረው። ቀን የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ቤት ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር። ባለቤቱም እግሩን ያጥበዋል፤ ያለውን ያቀርብለታል፤ ማን እንደሆነ የሚጠይቀው ከበላ በኋላ ነው። የሲራራውን ነጋዴ ከኬላ ኬላ ያደረሰው ይህ ያልተጻፈ ሕግ ጭምር ነበር። ዛሬ የጎደለን አስፋልት ሳይሆን ይህ ይመስለኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጦርነቱ በአንድ ቀን ይቁም ብዬ የምመኝ ብሆንም በምኞት ብቻ ጽሑፌን አልዘጋም። ዛሬ ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ስለ ዋና ዋና ጎዳናዎች ደኅንነት በየዕለቱ እውነተኛ መግለጫ ይሰጥ፤ መንገደኛው ሕይወቱን በመናኸሪያ ወሬ ላይ አይጣል። ሁለተኛ፣ በየመንገዱ የሚቆም የፍተሻ ኬላ ሁሉ የሚጠየቅበት አካል ይኑረው፤ ማን እንዳቆመው ይታወቅ፤ ከመንገደኛ የሚወሰድ አንድም ብር ያለ ደረሰኝ አይወሰድ። ሦስተኛ፣ በመንገድ ላይ የታገቱ ዜጎች ሁሉ በስም ይመዝገቡ፤ የደረሱበትም ለቤተሰቦቻቸው ይነገር። አራተኛው፣ ለሚዋጉት ወገኖች ሁሉ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። በጉዳዩ ላይ ድርድር እስኪጀመር ሳትጠብቁ፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ አምቡላንስና የተማሪ አውቶቡስ የማይነካ መሆኑን በይፋ አውጁ። ይህ ለማንም ድል አያሳጣም። ያለ ምንም ብድርና ያለ ምንም የውጭ ኩባንያ የሚሠራ መንገድ ቢኖር ይህ ነው።

በዚህ ሳምንት የአክስቴ የተዝካር ቀን ይደርሳል። አጎቴ ትናንት ደውለው ጠላው እንደተጠመቀ ነገሩኝ። ስለ መንገዱ እሳቸውም አላነሡ፤ እኔም አልጠየቅሁ።

ቸር ወሬ ያሰማን።